ጓዴን ማን ገዛው?

ገመዱን እንዳትረግጥ፤ አልፈህ ቁም። «በአንድ ወቅት» ብዬ እንዳልጀምርልህ ነገሩ ገና አላለቀም፤ ፈረሱም ይኸው፣ ጋሪ ተራው መሀል ዝንቡን በጭራው እያባረረ ቆሟል። ሦስት የአንድ እናት ልጆች «የኔ ነው» ይባባሉበታል። እኔ የማናቸውም ወገን ስላልሆንኩ «የገመዱን ጫፍ አንተ ያዝ» ተባልኩ። ያዝኩ።

ያ ባለ ባርኔጣው ታላቅየው ግዛቸው ነው። ድንጋይ ፈልጦ ባጠራቀመው ገንዘብ ገበያ ወርዶ ፈረሱን ገዛ፣ ጋሪ ጠመደበት፣ ልጆቹን አበላበት። ዳገት ላይ ፈረሱ ሲደክመው ራሱ ከኋላ ይገፋ ነበር፤ ይሄን አልክድበትም። የፈረሱ እግር ሲያብጥ ግን ፈትቶ አስፋልቱ አካፋይ ላይ ጣለው። ዛሬ ሲድን መጣ። «ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ጀርባ ነው። መጽሐፉስ ‹ግዙአት› አይደል የሚለው? እኔ ገዝቻለሁ!»

መካከለኛው እሸቴ ነጂው ነበር። ሰው ሁሉ «ዳማው» ሲል እሱ «ጓዴ» ብሎ ስም አወጣለት። እስቲ ጥራው! አየህ ጆሮውን? አንድ እሁድ ፈረሱ ሲሚንቶ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ሲንገዳገድ፣ እሸቴ መንገድ መሀል ፈታው። ወንድሙ አባረረው። እሱም ባጃጅ ያዘ። ጓዴ ከተጣለ በኋላ በአካፋዩ አጠገብ ስንቴ አለፈ፤ አልቆመም። ዛሬ ወስዶ አጎታቸው መስክ ላይ ሊለቀው ነው፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይጭነው። «አዳም ለእንስሳቱ ስም አወጣላቸው እንጂ አልጫናቸውም!» ይላል።

«ባጃጅህንስ ማን ብለህ ሰየምካት?» አለችው ታናሻቸው ትርንጎ። ሳቅን፤ ፈረሱ ብቻ አልሳቀም።

ከአስፋልት ያነሳችው እሷ ናት። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበች፣ ፉርሽካ ከጎረቤት ለምና አበላች፣ በእግሩ አቆመችው። ግን እሷም እንዲሁ አትተወውም፤ ከሰኞ ጀምሮ ውሃ ልታስጭነው ነው። ግማሽ ቀን፣ እሁድ እረፍት። «አዳም ገነትን እንዲጠብቅ ነው የተቀመጠው። ከናንተ ማን ጠበቀ?»

«የታመመ ያነሳ ሁሉ ባለቤት ከሆነ፣ ሐኪሙ ሁላችንንም ይውሰደና!» አለ ግዛቸው።

ይሄኔ የሰፈሩ ቄስ፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ አፋቸውን ከፈቱ። «ልጄ፣ መግዛት ሁለት ነው። የገበያው ሲከፈል ያልቃል። የንጉሡ ግን አያልቅም፤ ንጉሥ ባስራበው ይጠየቃል።»

«ታዲያ ይፍረዱና አባ!» አልኳቸው።

«እኔ ቃሉን ፈታሁ። ገመዱ ያለው ባንተ እጅ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ሲገዙት፣ ሲሰይሙት፣ ሲያድኑት እሱን ማን ጠየቀው? ለማንም አልለቅም!» ገመዱን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩት። ጓዴ ተስቦ አንድ እርምጃ ወደኔ መጣ።

አባ ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ካልለቀቅህማ አንተም ገዛኸው። በል ተናገር፣ ለማን ይገባል?»