ወንዙን ያሰከረው ደርበው

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሚያወራ ዝም ይበል፣ የሚያንቀላፋም ይንቃ።

በድሮ ዘመን አያ ደርበው የሚባል ሰው ነበረ። ለሥራ ሲጠሩት እግሩን ያመዋል፤ ለምግብ ሲጠሩት ይድናል። ብልጥ ነበረ፤ ብልጠቱ ግን ለሆዱ ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ዓሣ በመንጠቆ ሲያጠምድ፣ እሱ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ውስጥ በተነ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፈፈ። ደርበው ለቀመ፣ ጠበሰ፣ በላ። የሚጠጣውን ውሃ ግን ከላይ ከምንጩ ይቀዳል። «ከራስ በላይ ነፋስ» እያለ ይስቃል። አይ ሰው!

ወንዙን በሚጠጣው ታች መንደር ግን ሳቅ አልነበረም። መጀመሪያ ንቦቹ አለቁ። ቀጥሎ ጥጆቹ ከሱ። ከዚያ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው አለቀሱ። የእማማ ዘርትሁን አንዲት የልጅ ልጅማ ከመደብ መነሳት አቃታት።

«ምን መጣብን?» አሉ ሰዎቹ።

«ወንዙ ተቆጥቶ ነው» አለ ደርበው። «ገብስማ ዶሮ ይፈልጋል። አምጡልኝ፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ።»

ዶሮ አመጡለት፤ በላ። «ታረቀ!» አለ። በማግስቱ ብርብራውን በተነ፤ ልጆቹ ታመሙ። ሁለተኛ ዶሮ መጣ፤ በላ። ሦስተኛም መጣ፤ እሱንም በላ።

እማማ ዘርትሁን በደጁ ሲያልፉ ሙቀጫው አጠገብ የብርብራ ገለባ አዩ። አዩና ነገሩ ገባቸው። ጠላ ጠምቀው መንደሩን ጠሩ።

«እንኳን ወንዙ ታረቀ! ደስ ብሎኝ ጠላውን በወንዙ ውሃ ጠመቅሁት። ደርበው ልጄ፣ ያስታረቅኸው አንተ ነህና አንተው ቅዳልን» አሉ።

እንግዲህ የአገራችንን ወግ ታውቃላችሁ። የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው።

ደርበው ጠላውን ቀዳና ሳይቀምስ ዋንጫውን አስቀመጠው። «ጥርሴን አሞኛል» አለ።

«ባልታመመው ቅመስ» አሉት።

«ስለት አለብኝ» አለ።

«ስለትህ ከዶሮው መች ከለከለህ?» አሉት።

«እማማ፣ አልጠጣም! ይገድለኛል!»

«የታረቀ ወንዝ እንዴት አድርጎ ይገድላል?» አሉ እማማ።

ደርበው ተንበርክኮ ብርብራውንም፣ ዓሣውንም፣ ዶሮውንም ተናዘዘ። እማማ ዋንጫውን አንስተው ግጥም አድርገው ጠጡ።

«የጠመቅሁትስ በምንጩ ውሃ ነው» አሉ። «የልጄን ልጅ የጣለ ውሃ ለጎረቤት አላጠጣም።»

ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የመንደሩ ውሃ ቀማሽ አንተ ነህ። ጠዋት ጠዋት ሰውም ከብትም ሳይጠጣ፣ ከወንዙ በመዳፍህ ቀድተህ አንተ ትጠጣለህ።»

ምን ያድርግ? ወንዙን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀ። እንኳን ብርብራ ሊበትን፣ እግሩን የሚታጠብ ሰው ሲያይ ይጮህ ጀመር። ንቡ ተመለሰ፣ ዓሣው ተመለሰ፣ ጥጃው ፈነጨ። የእማማ የልጅ ልጅም ድና ወንዙ ውስጥ ስትንቦጫረቅ፣ ደርበው ከዳር ቆሞ «ውጪ አንቺ! የምጠጣውን አታደፍርሺብኝ!» ይላታል። እሷ ደግሞ ትስቅበታለች።

አያችሁ ልጆቼ፣ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው። ወንዝ ውስጥ የጣላችሁት ነገር ወርዶ ወርዶ የሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ የማትጠጡትን ውሃ ለሰው አትልቀቁ።

እኔ ተረቴን ለእናንተ ሰጠሁ፤ እናንተም አትደብቁት፣ ለታናናሾቻችሁ አድርሱት።