ደጃፍ የዘጋው ወንበር

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ወንድሜ አምባዬ፣ ትናንት የእድር ዳኛ ሆነህ ተመረጥህና ዛሬ «የሰው ብሶት በደንብ እንዲሰማኝ የት ልቀመጥ?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ባለጸጋው ከአያቱ የወረሰው የበገና አዳራሽ ነበረው። ዝናው ባሕር የተሻገረ ነው። ሰው የሰባት ቀን መንገድ ተጉዞ ይመጣል፤ በገናው ሲደረደር በደጅ የምታልፍ አህያ እንኳ ጩኸቷን ውጣ ታልፋለች። ካላመንህ ራሷን ጠይቃት።

ታዲያ ባለጸጋው ስምንት ሰው የሚሸከመው ወንበር አሠራና ከሽማግሌው በገና ደርዳሪ ጉልበት ሥር አስተከለው። ከዚያ ሆኖ የሚሰማው የጣት ፍትጊያና የሽማግሌው ጉሮሮ ማጥራት ብቻ ሆነ። ዓመት ሙሉ ታገሠ። በመጨረሻ፣ አያቴ ተሞኝቷል፣ ሰኞ ይፍረስና ለበቅሎዎቼ ጋጥ ይሁን ብሎ ዜማው ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። ከበገናው ሌላ እንጀራ የሌለው ሽማግሌ ግን መደርደሩን አላቋረጠም።

ደጃፉ ላይ በረኛዋ መበለት እንባዋን ታፈሳለች። ምን ሆንሽ ቢላት፣ «ዝም ይበሉ ጌታዬ፤ ይልቅ እዚህ ይቀመጡ» አለችና ከድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አለችለት። ተቀመጠ። ለካ ድምፁ ጣሪያ ወጥቶ የሚወርደው እዚያ ኖሯል። ባለጸጋው አለቀሰ፤ ጺሙ ቢጨመቅ ሁለት ገንቦ ይሞላ ነበር። አዳራሹ አይፈርስም ተባለ። ሽማግሌው መሬት ሳመ።

በሳምንቱ ባለጸጋው ስምንቱን ሰዎች ጠርቶ ወንበሩን ደጃፉ ላይ አስተከለ። በሩ አንድ ነው፤ ወንበሩ ግጥም አለበት። ተቀመጠና ጠበቀ። ምንም የለም። ምነው ሽማግሌው አይጀምርም ብሎ ተቆጣ።

«ከወንበርዎ ኋላ ቆሟል፣ ጌታዬ» አለች መበለቲቱ። «መግቢያ አጥቶ ነው።»

ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ብድግ ይላል። እሱ ግን ንቅንቅ ሳይል፣ «በሉ፣ ግድግዳውን አፍርሱለት» አለ።

አፈረሱለት። ግድግዳው ሲሄድ ጣሪያውም ብቻዬን ምን እሠራለሁ ብሎ ተከተለ። ሽማግሌው በገናውን አዝሎ አገር ለቀቀ። ወንበሩን ጭረት አልነካውም፤ ባለጸጋው እስከ ዛሬ እላዩ ላይ ተቀምጦ ነፋስ ያዳምጣል።

አምባዬ፣ ሰው ብሶቱን የሚያወራው ከስብሰባው በፊት ደጃፍ ላይ ነው፤ ሄደህ ከመበለቶቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጥ። ያን ለዳኝነትህ ያዘዝኸውን ባለመደገፊያ ወንበር ግን ይዘህ እንዳትመጣ። ይዘኸው የመጣህ እንደ ሆነ ብሶተኛው ከጀርባህ ቆሞ ይቀራል፤ አንተም ዝምታውን ሰምተህ አገሩ ሰላም ነው ትላለህ።