ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፉት ዲስኮች

በአንድ ሆስፒታል ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ ልሣነወርቅ ይባላል። የሕመምተኛው ሁሉ ታሪክ፣ የደሙ ዓይነት፣ የሚወስደው መድኃኒት በእሱ እጅ ነው። ሥራውን ይወዳል። ሁልጊዜ ከመውጣቱ በፊት መረጃውን ዲስክ ላይ ይገለብጣል፣ ቀኑን ይጽፍበታል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ መጠባበቂያ አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲያደርግ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን አለቃው ሲስተር ብዙነሽ ጠሩትና፣ «የሙያ ብቃት ፈተና ወስደህ ሰርተፊኬት ታመጣለህ» አሉት።

ደሙ ፈላ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ልፈተን? ሲስተር፣ ወረቀት ሥራ ይሠራል እንዴ?»

«ሥራህን አልጠላሁትም። ግን በትክክል መሠራቱን ማን አይቶልሃል?»

እያጉረመረመ ሄደ። ለፈተናው በሚሰጠው የዝግጅት ትምህርት ላይ አስተማሪው፣ «ያስቀመጣችሁትን መረጃ አሁን መልሳችሁ አምጡ» ብሎ አዘዘ። የልሣነወርቅ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ያስቀምጣል እንጂ መመለስን አንድም ቀን ሞክሮ አያውቅም! ለምን ይሞክራል? መቼ ተበላሸና!

በማግስቱ ቁምሳጥኑን ከፈተ። አንዱን ዲስክ ሰካ። ባዶ። ሌላውን ሰካ። ባዶ። ኮምፒውተሩ መገልበጡን መቼ እንዳቆመ እንኳ አላወቀም። ፎቅ ላይ የተኙት ሕመምተኞች ዓይኑ ላይ መጡበትና አለቀሰ።

«ሲስተር፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ቢሆን ጉድ ሆነን ነበር» አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

«አልተቃጠለማ! ተመስገን በልና አስተካክል።»

አስተካከለ። ፈተናውንም አለፈ። ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ ከሥሩ አንዱን ባዶ ዲስክ በክር አንጠለጠለው።

ወገኖቼ፣ ፈተና ሲባል ለምን እንቆጣለን? የሚያዋርደን ይመስለናላ! ያ ፈተና ግን ሰውየውን ከውርደት፣ ሕመምተኞቹንም ከጥፋት አዳነ።

እናንተስ? ቁምሳጥናችሁ ውስጥ ምን አለ? «በእግዚአብሔር እታመናለሁ» ትላላችሁ። መልካም። ሥራ የጠፋ ጊዜስ? በየእሁዱ «ይቅር ብያለሁ» ትላላችሁ። መልካም። ያንን ሰው መንገድ ላይ ስታገኙት ሰላም ብላችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ መንገድ ትቀይራላችሁ?

ሁላችንም ቀን ጽፈን ቆልፈናል። እስኪ ዛሬ፣ ምንም ሳይቃጠል፣ አንዱን አውጥታችሁ ሞክሩት። ያ ያኮረፋችሁት ሰው ምናልባት አሁን ከኋላችሁ ተቀምጧል። ስትወጡ ሰላም በሉት።