ሽፋኑ ባዶ የቀረው መጽሐፍ

በአንድ ወቅት፣ የተጻፈ ወረቀት ሰው ያስገድል በነበረበት ወቅት፣ መምህር አጥናፉ የሚባል ጎረቤቴ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ለመጻፉስ ጎበዝ ነው፤ ርዕስ ላይ ሲደርስ ግን ወገቤን ይላል። ዛሬ ያወጣውን ርዕስ ነገ ይሰርዘዋል።

አንድ ቀን የመጽሐፉ አንድ ገጽ በጓደኛው በልሳነወርቅ ኪስ ተገኘ። መርማሪው «ማነው የጻፈው?» አለው።

«እኔ ነኝ።»

ገረፉት፤ ቃሉን አልለወጠም። ስድስት ዓመት ታስሮ በከዘራ እየሄደ ወጣ።

ልሳነወርቅ በተያዘበት ሳምንት ቀሪውን ወረቀት ፍለጋ የጓደኞቹ ቤት ሁሉ ተፈተሸ። የመምህሩ ሚስት እናኑ የሃያ ቀን አራስ ነበረች። ወረቀቱን ፍራሿ ሥር ከትታ፣ ልጇን አቅፋ ተኛችበት። ወታደሮቹ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤቱ አልወጡም። ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። «ለሐኪም ቤት ከሆነ አራሷ ልጇን ይዛ ትውጣ፤ ሌላ ሰው አይወጣም» አሉ። ከፍራሹ ከተነሳች ባሏ አለቀለት። አልተነሳችም። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አርባው ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሳ፣ ስም ሳይወጣለት ተቀበረ። ይህን ሳወራ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ጓሮ ቀበሩት፤ ሲሶውን ምስጥ በላው። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ «በቃ ይቅር» አለ። ታይፒስቷ ውብዓለም ግን «አይቀርም!» አለች። ቀደም ብላ በታይፕ መትታው ስለነበር፣ ያስታወሰችውን አስታውሳ፣ የጠፋባትን ከራሷ ጨምራ እንደገና ጻፈችው። መስኮት ዘግታ በኩራዝ ሁለት ዓመት ስትመታ ዓይኗ ጠፋ።

ዘመን ተለወጠና መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገባ። መምህሩ ግን አልጋ ያዘ። «ርዕሱስ?» ስንለው «መጽሐፉን ያተረፈው ሰው ያውጣለት» ብሎ አረፈ። እሱ ተገላገለ፤ ጣጣውን ለእኛ ጣለው።

መጽሐፉ በአርባው ቀን ለተዝካሩ እንግዶች ሊታደል ነው። የማተሚያ ቤቱ ሰው «ሽፋኑ ብቻ ቀረኝ» እያለ ይጨቀጭቀናል። ልሳነወርቅ፣ ውብዓለምና እናኑ ሦስቱም ርዕሱን ማውጣት ይገባናል ስላሉ እኛ ጎረቤቶች ለሽምግልና ተቀመጥን።

ልሳነወርቅ «‹እኔ ነኝ› ይባል። ያን ቃል ባልናገር ኖሮ አጥናፉም መጽሐፉም አይኖሩም ነበር» አለ።

ውብዓለም «‹የጎደሉት ገጾች› በሉት። ሲሶው የእኔ ነው። ስሜን ጻፉልኝ አላልኩም፤ ርዕሱን ግን አትንፈጉኝ» አለች።

እናኑ ቀና ሳትል «ልጄን ማስረሻ ልለው ነበር። ስሙ መቃብሩ ላይ እንኳ የለም። ሽፋኑ ላይ ጻፉልኝ» አለች።

«እናኑዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ እኮ ማስረሻ የሚባል ሰው የለም» አላት ልሳነወርቅ።

«ውጭም የለም» አለችው።

አርባው በማግስቱ ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ ሰውም በር ላይ ቆሟል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መጽሐፉን ያተረፈው ማነው? ሽፋኑስ ላይ የማን ቃል ይታተም?