አህያዋና ውሃ የጠጣው ድንጋይ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «አምጣው» በሉኝ። አላችሁ? እሺ። የሚሰማ ቀረብ ይበል፣ የደከመው ይተኛ፣ የሚያለቅስ ካለ ግን ወደዚያ ራቅ ይበልልኝ። ሲያለቅሱብኝ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ድንጋይ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ሸጌ የሚባል ውርንጭላ ነበራት። ነሐሴ ላይ ደራሽ ጎርፍ መጣና ሸጌን ወሰደው። እናትየው ወንዙ ዳር ላይ ነበረች። አንገቷን ዘርግታ ጆሮውን በአፏ ልትይዝ ሞከረች፤ አልደረሰችበትም። የሆነው ይኸው ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አህያዋ ሣር መቅመስ ተወች። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ፣ እሷ እዚያው ወንዙ ዳር ቆማለች። የጎን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ይህን ያየ አንድ ጥንብ አንሳ መጣና ፊት ለፊቷ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ነው፤ ሰላምታ አያጓድልም።

«እመት አህያ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?»

«አለሁ።»

«እሺ፣ እንግዲህ ነገ እጠይቅሻለሁ» ይልና ይሄዳል። በማግሥቱ ይመለሳል። እንደዚህ ዓይነት ጠያቂ ነው የነበራት።

በገደሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ አያ ጭላዳ ይኖር ነበር። ጭላዳ ያ ጎፈሬው እስከ ወገቡ የሚወርደው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ዝንጀሮ ነው። ሥር ሲቆፍር ስለሚውል ከጭቃው ውስጥ ብዙ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋይ አይበላም፤ ቢሆንም አያ ጭላዳ ምንም ነገር አይጥልም።

አንድ ቀን ወደ አህያዋ ወረደና «እመት አህያ፣ ሐዘን የሚያወጣ ድንጋይ አለኝ» አላት።

«በምን ትሰጠኛለህ?»

«ማዶ ያለው ገብስ ደርሷል። ውሾቹ እኔን ካዩ አያስጠጉኝም። አህያ ስታልፍ የሚጮህ ውሻ ግን የለም። ጀርባሽ ላይ ልጥፍ ብዬ ገለባ እለብሳለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

አህያዋ ተሸከመችው። እሱ ገብሱን ጠገበ፣ እሷ ቆማ ጠበቀችው። ሲመለሱ ሦስት ድንጋይ አወጣና ሣሩ ላይ ደረደረላት። «አንዱን ምረጪ» አላት።

የመጀመሪያው ጥቁር ባልጩት ነው፤ ፊት ያሳያል። አህያዋ «አንተ ምን ታደርግልኛለህ?» አለችው።

«እኔ ስለታም ነኝ። ሐዘንሽን ባንድ ቀን ቆርጬ እጥልልሻለሁ» አለ ባልጩቱ።

ሁለተኛው እንደ በረዶ የነጣ፣ ጫፉ የሾለ ነው። «አንተስ?»

«እኔ አስረሳሻለሁ። ልጅ እንደነበረሽም ትዝ አይልሽም» አለ ነጩ። አህያዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሦስተኛው የእንቁላል አስኳል የሚያህል ድቡልቡል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ለብሷል። «አንተስ ምን ታደርግልኛለህ?»

«እኔ እንጃ» አለ ጭቃ የለበሰው። «እኔ ከመሬት የወጣሁት ትናንት ነው። የማውቀው ነገር የለም።» ቀጠለና «ስሙ ማን ነበር?» አላት።

ከነሐሴ ወዲህ ይህን የጠየቃት አልነበረም። ላሟም፣ በጓም፣ ጎረቤቱም ሁሉ «ያጥናሽ» እያለ ነው ያለፈው።

«ሸጌ» አለች አህያዋ።

«ሸጌ» አለ ድንጋዩም።

«ይኼን እወስዳለሁ» አለች። አያ ጭላዳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ካሉት ሁሉ የማይረባውን መረጥሽ! ይሁን፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

አህያዋ ድንጋዩን በምላሷ ላሰችው። ጭቃው ሲለቅ ከውስጡ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ብልጭ አለ፤ ባዞረችው ቁጥር ቀለሙ ቦታ ይለውጣል። ዛሬ ሰዎች ኦፓል የሚሉት እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ታስቀምጠውና ስለ ሸጌ አንድ ነገር ትነግረዋለች። መጀመሪያ ሲቆም የኋላ እግሮቹ እንዴት እንደተጠላለፉበት ነገረችው። ድንጋዩ «ከዚያስ?» ይላል። ቢራቢሮ አባርሮ ገደል ሊገባ እንደነበር ነገረችው። «ከዚያስ?» ይላል ድንጋዩ። ሌላ ነገር አይናገርም።

ጥላው ሲመጣ ድንጋዩን በከንፈሯ እያነሳች ወደ ፀሐዩ ታዞረዋለች። ለማዞር አንገቷን መድፋት አለባት። አንገቷን ስትደፋ ሣሩ አፏን ይነካታል። አንድ ቀን ሳታስበው ነጨችና ዋጠችው። ጥንብ አንሳው ይህን አይቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሄደ።

አያ ጭላዳ ግን ሐሳብ ገባው። አህያዋ ከተጽናናች ማን ተሸክሞ ገብስ ያደርሰዋል? ወረደና «እመት አህያ፣ ድንጋይሽን አጥበሽዋል?» አላት።

«አላጠብኩትም።»

«አዬ ጉድ! ያን ሁሉ ሐዘን አሸክመሽው? እንደ ጠበል ሰባት ጠዋት ምንጭ ውስጥ ንከሪው እንጂ።»

አህያዋ ድንጋዩን ጠየቀችው። ድንጋዩም «ታጥቤ አላውቅም። ምን እንደምሆን አላውቅም» አለ። እሷ ግን ሐዘን አሸከምኩት ብላ ተጨንቃለች፤ ወሰደችና ነከረችው። በመጀመሪያው ጠዋት ቀዩ ጠፋ። በሁለተኛው አረንጓዴው ጠፋ። በሦስተኛው ጠዋት ድንጋዩ ራሱ እንደ ውሃው ሆነ፤ ከምንጩ ውስጥ በዓይን መለየት አቃታት። በአፏ ዳብሳ አወጣችው። ብትጠራው አልመለሰም።

«ልጄን ውሃ ወሰደብኝ፤ አንተን ደግሞ በገዛ አፌ ለውሃ ሰጠሁህ» አለችና ጮኸች። የአህያ ጩኸት ታውቃላችሁ፤ ገደሉ ሁሉ ሰማ።

ጥንብ አንሳው ተመለሰ። «እመት አህያ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አላት። እሷም አልመለሰችለትም። ተደላድሎ ተቀመጠ።

ጩኸቱን ሰምታ እመት ላም መጣች። «ምነው፣ ምን ሆንሽ እህቴ?» ብላ ድንጋዩን አየችና «ይኼማ በርዶት ነው። የታመመ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለት የለ? እቤት በቅል የተቀመጠ ቅቤ አለ። የእኔው ወተት ነው፤ የራሴ ነው ማለት ይቻላል» አለች። ጥቂት በአፏ ይዛ መጣችና ድንጋዩን ባንድ ጎኑ ቀባችው። የተቀባው ጎን ቢጫ ሆነ። እመት ላም «እንግዲህ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ» ብላ ሄደች። ክፋት አልነበራትም።

አህያዋ ወደ አያ ጭላዳ ሮጠች። «ድንጋዩ ሞተብኝ!»

«መድኃኒቱን አውቃለሁ። ግን ገብሱ…» አለ አያ ጭላዳ።

ሁለተኛ ጊዜ ተሸከመችው። በዚህኛው ጉዞ የማሳው ጠባቂ ገለባው ውስጥ ጅራት አየ። ወንጭፉን አዞረና ወረወረ። አያ ጭላዳ ዘሎ አመለጠ፤ ጠጠሩ ያረፈው አህያዋ ታፋ ላይ ነው። እያነከሰች ተመለሰች። እሱ ቀድሟት ደርሶ አፉን ይጠርጋል።

«መድኃኒቱስ?»

«የጠጣውን ውሃ እሳት ያወጣዋል። እረኞቹ ትተውት የሄዱት ፍም አለ፤ እዚያ ላይ አድርጊው። ከፈነዳም አይዞሽ፣ ሌላ ድንጋይ አለኝ።»

አህያዋ ድንጋዩን ፍሙ ላይ አስቀመጠች። ወዲያው ቀጭ አለ። ከመሐሉ ቀጭን ስንጥቅ ሄደ። አህያዋም አላሰበችም፤ አንገቷን ዘርግታ አፏን ፍሙ ውስጥ ከተተች። ያዘችው። ከንፈሯ ተቃጠለ፤ አልለቀቀችውም። በዚህ ጊዜ ግን ደረሰችበት።

ሣር ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋች። ድንጋዩ በሹክሹክታ እንዲህ አላት፦ «ውሃ ጠጥቼ ነው እንጂ አልሞትኩም። አታጥቢኝ፣ አትቀቢኝ፣ አታቃጥይኝ። እዚሁ አጠገቤ ሁኚ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

በመጀመሪያው ቀን ምንም ነገር አልታየም። አህያዋ አጠገቡ ቆመች። ሥራ ስላልነበራት ራባት፤ ራባትና ዙሪያውን ጋጠች። በሁለተኛው ቀን ድንጋዩ እንደ ወተት ነጣ፤ ይህ ከበፊቱ የባሰ መሰላት፤ ግን እጇን ሰበሰበች። እጅ ቢኖራት ማለቴ ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከነጩ ውስጥ ቀይ ብልጭ አለ። ከሰዓት አረንጓዴው መጣ። ቢጫው ነቁጥ ግን አልለቀቀም፤ ስንጥቁም አልጠፋም።

«ከዚያስ?» አለ ድንጋዩ። «ቢራቢሮዋ ምን ሆነች?»

አህያዋ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችው።

ጥንብ አንሳው ሳል ሳል አለና «እመት አህያ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አላት።

«ደኅና ነኝ አልልህም። ግን ርቦኛል» አለችው።

«እንግዲህ ከራበሽማ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለና ተነሥቶ በረረ። አልተመለሰም።

አያ ጭላዳ አዲስ ድንጋይ ይዞ ወረደ። «ፈነዳብሽ አይደል? ይኸው፣ ይኼ ከቀድሞው ይበልጣል። ገብሱም ሳይታጨድ…»

«አልፈነዳም» አለችው። «ጀርባዬም ከዛሬ ጀምሮ የራሴ ነው።»

በእግሩ ሄደ። ውሾቹ ያደረጉትን አላየሁም፤ ግን ጅራቱ ከዚያ ወዲህ አጠር ብሏል ይባላል።

ታኅሣሥ ላይ በጓ መጣች። ግልገሏን ቀበሮ ወስዶባታል። ከሩቅ ቆማ «እመት አህያ፣ አፈር ስሆን፣ ያን ድንጋይሽን አውሺኝ። አንቺን ያዳነሽን» አለቻት።

አህያዋ ድንጋዩን አየችው።

«እሰጥሻለሁ» አለች አህያዋ። «መጀመሪያ ግን ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተኚ። ስሟ ማን ነበር?»

በጓ አፏን ከፈተች። ስሙ ለመውጣት ትንሽ ቆየ፤ አህያዋ ጠበቀችው።

«ለምለም» አለች በጓ።

«ለምለም» አለች አህያዋ። «ከዚያስ?»

በጓ ሲመሽ ወደ ቤቷ ሄደች። ድንጋዩን መውሰድ ረሳች።

ድንጋዩ ያድናል ወይስ አያድንም ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ ድንጋይ አይደለሁም። የማውቀው ይህን ነው፦ ወዳዘነ ጎረቤት ስትሄዱ ጠበሉም ቅቤውም ፍሙም ይቆይ። የሞተበትን ስም ጠይቁትና አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ተረቴን ለእናንተ አስረክቤአለሁ፤ ዳቦ ያለው ያምጣ፣ የሌለው ስም ይዞ ይምጣ።