ሳያዩ ማጉረስ

አንድ የሞባይል ጠጋኝ ነበር፤ ምንተስኖት ይባላል። የሰው ስልክ አገላብጦ አይቶ ሳይፈታው ብልሽቱን የሚናገር፣ ሰፈሩ የመሰከረለት ባለሙያ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ዓይኑ ከራሱ ስልክ አይነቀልም። ማዕድ ሲቀርብ እንኳ በግራው ስልኩን ይዞ በቀኙ ይበላል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አያጓድልም። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ለምትቀመጠው ለሰባት ዓመት ልጁ ለኤልዳና ናት። ዓይኑ ስልኩ ላይ ቢሆንም እጁ መንገዱን ለምዶታል። "እንደኔ ልጁን የሚያቀማጥል አባት የት አለ?" ይላል፤ ከልቡም ያምንበታል።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ እንደ ልማዱ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። አፍ አልተከፈተም።

"ክፈቺ እንጂ የኔ ቅመም! ዛሬ ደግሞ ምን ያስኮርፍሻል?" አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ጉርሻው ገባ። ሚስቱ በሳቅ ፈነዳች። ቀና ሲል ለካ ያጎረሰው ጠዋት ከክፍለ ሀገር የመጡትን አማቱን ነው!

"ይሁን ልጄ፤ የኔ ቅመም የሚለኝ ካጣሁ ስንት ዘመኔ" አሉ አሮጊቷ፣ አላምጠው ሲጨርሱ።

ምንተስኖት የሚገባበት ጠፋው። ለአያቷ ቦታዋን ለቅቃ ከእናቷ አጠገብ የተቀመጠችው ኤልዳና ግን አልሳቀችም።

"አባዬ፣ እኔንም እንደዚህ ሳታየኝ ነው የምታጎርሰኝ?" አለችው። የፊት ጥርሷ የለም።

"መቼ ወለቀ?"

"ረቡዕ። አብረን ጣሪያ ላይ እንወረውረዋለን ብዬ እየጠበቅኩህ ነው" አለችና በሶፍት የተጠቀለለች ጥርስ ከኪሷ አወጣች።

ከረቡዕ ወዲህ በየቀኑ አጉርሷታል። የሰው ስልክ ስንጥቅ ከሩቅ የሚለይ ሰው የልጁን አፍ አላየም። ስልኩን አጥፍቶ "እማማ፣ እርስዎ ይያዙልኝ" ብሎ ለአማቱ ሰጠና ልጁን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ኤልዳና ጥርሷን ወረወረች፤ ቆርቆሮው ኳ አለ፤ ሁለቱም ጮኸው ሳቁ።

ተመልሰው ሲቀመጡ አዲስ ጉርሻ ጠቅልሎ ፊት ፊቷን እያየ አቀረበላት።

"በዚህ በኩል አድርገው አባዬ፤ በዚያኛው ያመኛል" አለችው። እንዲህ ልትለው አራት ቀን ጠብቃለች።

ልጆቻችንን ማብላት ትልቅ ነገር ነው፤ እጃችን ግን የዓይናችንን ሥራ አይሠራልንም። ልጅ መታየትም ይርበዋል። ደግነቱ ቶሎ ተስፋ አይቆርጡብንም፤ ጥርሳቸውን በሶፍት ጠቅልለው ይጠብቁናል። እርስዎስ፣ ዛሬ ልጅዎን ቀና ብለው አይተውታል?