የካልሲ ነጋዴው አውራ ጣት

አንድ ውብነህ የሚባል የካልሲ ነጋዴ ነበር። ልጁ ባሕር ማዶ ሆኖ እዚያው የምትኖር የአንድ ጡረተኛ መምህር ልጅ ወደደ። መምህሩ ግን ለጋብቻው እሺም እንቢም አላለም። ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ ነጋዴው እሺታውን ለማግኘት ብሎ መምህሩን የጥንት ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሊያስጎበኘው ይዞት ሄደ።

ከበሩ ሲደርሱ ጣሪያው ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ መላእክት ተስለዋል። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ቤተ መንግሥት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እጃቸው ቀደማቸው እንጂ።

ነጋዴው የእግሩን አውራ ጣት ያየው ያኔ ነው። ካልሲውን ቀድዶ ብቅ ብሎ፣ እንደ ጎብኚ የቤተ መንግሥቱን ወርቅ ያያል። «ካልሲ በደርዘን እየሸጠ የተቀደደ የሚያደርግ ሰው፣ ልጁን ማን ይቀበለዋል?» ብሎ ደነገጠ።

ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱን ማን አየው! ከዓምድ ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወደ ዓምድ ሆነ። መስታወት ወደ ሞላው አዳራሽ ሲገቡማ አንዷ ጣት መቶ ሆነችበት። መምህሩም አጠገቡ አይቆምም፤ ሲጠጋው ይሸሸዋል። «በቃ፣ ጣቴን አይቶ ንቆኛል» አለ ነጋዴው በልቡ።

አስጎብኚዋ ዓምዱን አንኳኳች። «እብነ በረድ ይመስላል እንጂ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁለቱን አባቶች ግን ሳል ያዛቸው።

ወደ አትክልቱ ስፍራ የወጡት በጓሮ በር ነው። ጫማቸው ከፊት በር ቀርቷል፤ መንገዱ ደግሞ ጠጠር ነው። ነጋዴው «ዋይ!» ብሎ እግሩን ሲያነሳ አውራ ጣቱ ፀሐይ ላይ አበራች።

መምህሩ ከአንድ የተከረከመ ቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ አፍጥጦ አየው። ከዚያ እየሳቀ ወጣና የራሱን እግር አነሳ። ካልሲው ተረከዝ የለውም።

«እኔ እኮ አቶ ውብነህ፣ ዞር ዞር ሲሉብኝ ልጄን የናቋት መስሎኝ፣ ዛሬውኑ ‹ይቅርብን› ልልዎት ነበር!»

«በስመ አብ! በዚች ጣት የተነሳ ሠርግ ሊቀር?»

«በሉ፣ የሠርጉን ቀን ይቁረጡ። ጥሎሹ ላይ ግን ካልሲ እንዳይረሱ፤ ለእኔም ጭምር!»

ወዳጆቼ፣ ከሰው የሚያራርቀን ብዙ ጊዜ ቀዳዳችን አይደለም፤ ቀዳዳውን ለመሸፈን የምንሮጠው ሩጫ ነው። እኛ ስናፍር ሌላው የተናቀ ይመስለዋል። እስቲ ዛሬ እናስብ፤ ከዓምድ ጀርባ ሆነን ማንን አስቀይመን ይሆን?